ፋሻ ብቻ ልቀይር፣ የዱባይ ሞተር ልግዛ ወይስ ቱርቦ ልጨምርበት?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። ሞተሩ 4ኤችጂ1 ነው፤ ቱርቦ የለውም። ጅማ–አዲስ አበባ ነው የምሠራው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቡና እጭናለሁ። ቆጣሪው 600 ሺህ ካለፈ በኋላ ራሱ ቆሟል። ጠዋት ቶሎ አይነሳም፤ ሰማያዊ ጭስ አለው፤ በየደርሶ መልሱ ዘይት እጨምራለሁ፤ የጊቤን አቀበት ሲወጣ ይሞቃል። አንዱ መካኒክ ፋሻ ቀይርና ሂድ አለኝ። ሌላው የዱባይ ሞተር ግዛ ይላል። ሦስተኛው ካወረድከው አይቀር ቱርቦ አስገጥምበት አለኝ። የቱን ልስማ? ደግሞስ የቡናው ወቅት እስኪያልፍ ልሠራበት እችላለሁ?»

ሰላም ወንድሜ። ፋሻ የፒስተኑን ዙሪያ የሚዘጉት ቀለበቶች ናቸው፤ የዱባይ ሞተር ከዱባይ የሚመጣ ያገለገለ ሞተር ነው፤ ቱርቦ ደግሞ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። ሦስቱም የነገሩህ ምክር ለሆነ ሞተር ትክክል ነው። ለአንተ ሞተር ይሁን አይሁን ግን አንዳቸውም አያውቁም። የለካ የለማ! ጭሱን አይተው፣ ድምፁን ሰምተው ነው የፈረዱት። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት እንለካ።

ሞተሩ ሳይፈታ ብዙ ይናገራል። በደንብ ካሞቅከው በኋላ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ተወው። የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ገልብጠህ ቀዳዳው ላይ ጣል አድርገው። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ወይም ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ፋሻዎቹ ገና ሥራ ላይ ናቸው። እየዘለለ ከወደቀና ከሥሩ ጭስ ከወጣ ግን ሞተሩ ይተነፍሳል። የቃጠሎው ግፊት በፋሻዎቹ ዙሪያ አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው ማለት ነው።

ሰማያዊው ጭስ መቼ እንደሚወጣ ልብ በል። አድሮ ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ዘይቱ የሚንጠባጠበው በቫልቭ ጎማዎቹ በኩል ነው። አቀበት ላይ፣ ጭነት ይዞ፣ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ የፋሻና የሊነር (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ሽፋን) ነገር ነው። ጠዋት የምታየው ነጭና ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። እሱ ከደከመ ባትሪ፣ ቀስ ብሎ ከሚዞር ሞተሪኖ (ማስነሻው) ወይም ከኖዝል (ናፍጣ የሚረጨው) ሊመጣ ይችላል። በኖዝል ጥፋት የወረደ ሞተር ስንት አለ መሰለህ! ኖዝሎቹን አስፈትተህ ፖምፓ ቤት (የናፍጣ ፓምፕ የሚሠራበት) አስፈትሻቸው። የሚያንጠባጥብ ኖዝል የሊነሩን ዘይት አጥቦ ያወርዳል። ፋሻህን የበላው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት። ሞተሩ ይሙቅ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ አራቱም ሲሊንደሮች ክፍት ይሁኑ፣ ናፍጣው ይዘጋ። እዚህ ላይ አብዛኛው ጋራዥ የሚስተው ነገር አለ። የፋብሪካው መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር በሩብ ካነሰ ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። መመሪያው 30 ባር ቢል ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 23 አካባቢ ያሳይሃል። ጅማ ላይ ብትለካው ከፍታው ስለሚያንስ ቅናሹ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። ይሄን ሳያሰሉ ደህናውን ሞተር «ኮምፕሬሽን የለውም» ብለው ያስወረዱ አሉ።

እኔ ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው የማምነው። ሦስቱ 22 ብለው አንዱ 16 ካለ ችግሩ የዚያ የአንዱ ነው፤ ቫልቭ፣ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በላይኛው ክዳን በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይም የተሰበረ ፋሻ። አራቱም አንድ ላይ ከወረዱ የዕድሜ ነው። በደከመው ሲሊንደር ላይ ፒስተኑን ከላይ አቁመህ በኮምፕሬሰር አየር ስጠውና አዳምጥ። በዘይት መሙያው ከነፋ ፋሻ ነው። በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ከነፋ የጭስ ቫልቭ ነው። በአየር ማስገቢያው ከነፋ የአየር ቫልቭ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካየህ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ሄዷል።

ሁለት ርካሽ ምርመራዎች ይቀሩሃል። የመጀመሪያው የዘይት ፊልትሩን መክፈት ነው። በመጋዝ አትቁረጠው፤ መጋዙ የራሱን ብናኝ ይጨምርበታል። በቆርቆሮ መቁረጫ ክፈተው። ወረቀቱን ዘርግተህ ንጹሕ ናፍጣ ውስጥ እጠበውና የዘቀጠውን ፀሐይ ላይ እየው። ማግኔት የሚያነሳው ከፋሻ፣ ከሊነር ወይም ከጊር የመጣ ብረት ነው። ማግኔት የማይነካው ነጣ ያለ ብልጭታ ከፒስተን ወይም ከብሮንዙ (የሞተሩ ዋና ዘንግ የክራንኩ መቀመጫ) ሽፋን ሊሆን ይችላል። ቀላ ያለ፣ መዳብ የሚመስል ካገኘህ ግን ብሮንዙ የላይኛውን ሽፋን ጨርሶ መዳቡ ጋ ደርሷል። ያን ጊዜ «ፋሻ ብቻ» የሚባለው ወሬ እዚያው ያበቃል።

ሁለተኛው፣ ከአየር ፊልትሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ፍታ። ጣትህን ወደ ውስጥ አስገብተህ ግድግዳውን አብሰው። ጣትህ ንጹሕ ሆኖ መውጣት አለበት። ቡናማ ዱቄት ይዞ ከወጣ የሞተሩን ገዳይ አገኘኸው። ጎማው ተሰንጥቋል፣ ማሰሪያው ላልቷል ወይም ፊልትሩ ቤቱ ላይ በደንብ አይቀመጥም። ቡና ፍለጋ ወደ ገጠር የምትገባበት ኮረኮንች አቧራው ቀላል አይደለም። ይሄን ሳትዘጋ አዲስ ሞተር ብታስገባ አዲሱንም ይበላዋል።

አሁን ወደ ፋሻው። ሊነር ከላይ እስከ ታች እኩል አይበላም። የሚብሰው የላይኛው ፋሻ ሄዶ የሚመለስበት ቦታ ነው። ግፊቱም ሙቀቱም እዚያ ላይ ነው፤ ዘይቱም እዚያ ላይ ነው የሚሳሳው። ቴስታታው ሲነሳ ጥፍርህን ከሊነሩ አፍ ወደ ታች ጎትት። ጥፍርህ ጠርዝ ላይ ከተንጠለጠለ ሊነሩ ጉድጓድ ሠርቷል። አዲሱ ፋሻ ሹል ጠርዝ አለው፤ ያን እርከን እየመታ ይሰበራል ወይም የፒስተኑን ቦይ ይሰብራል።

ሒሳቡን እየው። የ4ኤችጂ1 ሊነር ውስጡ 115 ሚሊሜትር ነው። ዲያሜትሩ በ0.1 በሰፋ ቁጥር የፋሻው ጫፍና ጫፍ በ0.31 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ሊነርህ 0.3 ከበላ፣ አዲስ ፋሻ ብታስገባም አፉ ላይ ከሚገባው በላይ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ክፍተት ይኖራል። ገንዘብህን ከፍለህ፣ ያው ሞተር መተንፈሱን ይቀጥላል። ፋሻ ብቻ መቀየር የሚያዋጣው ሊነሩ ተለክቶ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ ነው። ልኬቱም በካሊፐር አይሆንም፤ በቦር ጌጅ (የቀዳዳ ውስጥ መለኪያ) ነው። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታው ደግሞ በርዝመትና በወርድ ይለካ። 600 ሺህ ባለፈ ሞተር ላይ «ሊነሩ ደህና ነው» ከተባልክ ቁጥሮቹን በወረቀት ጠይቅ።

የዚህ ሞተር ሊነር ደረቅ የሚባለው ስስ ዓይነት ነው። እየተፋቀ በትልቅ ፒስተን የሚቀጥል አይደለም፤ ከነፒስተኑና ከነፋሻው ይለወጣል። ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ) ኪቱን ስትገዛ የሊነሩን ውጫዊ ልክ ከብሎክህ ቀዳዳ ጋር አስተያይ። አራቱን ፒስተኖች ሚዛን ላይ አውጣቸው። በጥቂት ግራም ውስጥ እኩል ካልሆኑ መልሳቸው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስም እኔ አላምነውም፤ ሚዛን ግን አይዋሽም። ሊነሩ ሲገባ በመዶሻና በእንጨት እየተመታ እንዳይገባ፤ ቀስ ብሎ በመጫኛ ይግባ። ገብቶ ካለቀ በኋላ ከብሎኩ ፊት በመቶኛ ሚሊሜትሮች ብቻ ብቅ ብሎ መቆም አለበት። ይሄ ብቅታ በአራቱም ላይ ይለካ። አንዱ ከሌላው ዝቅ ካለ ጓርኒሲዮኑ ያንን አይጨብጠውም፤ ከሁለት ወር በኋላ ውኃ መጠጣት ይጀምራል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን ለመለዋወጫ አውጥቶ ለማጠብና ለቶርኖ ቤት (ብረት እየፋቁ ለሚያስተካክሉት) ሲሆን እጁ ይታሰራል። የምጣላው እዚህ ላይ ነው። ብሎኩ ሲታጠብ የዘይት መተላለፊያዎቹ ታፖዎች (መዝጊያዎቹ) ወጥተው በረጅም ብሩሽ ካልተጠረገ፣ ከድሮው ብሮንዝ የወጣው ብናኝ የመጀመሪያው ቀን አዲሱን ብሮንዝ ይጭረዋል። የዘይት ማቀዝቀዣውም እንዲሁ ነው። ተፈቶ ካልጸዳ ቆሻሻውን ይዞ ይጠብቅሃል።

ክራንኩ ላይ ጠንቀቅ በል። የአይሱዙ ክራንክ ብዙ ጊዜ ላይ ላዩ በሙቀትና በናይትሮጅን የጠነከረ ነው። ጥንካሬው ያለው በስስ ሽፋን ላይ ነው። ቶርኖ ቤት «0.25 ፍቀን በትልቅ ብሮንዝ እናስኬደው» ሲልህ መጀመሪያ የሞተሩ መመሪያ መፋቅ ይፈቅድ እንደሆነ አስነብብ። ሽፋኑ ከተፋቀና መልሶ ካልተጠናከረ ክራንኩ ለጊዜው ያምርና ቶሎ ይበላል። ይለካ፣ ስንጥቅ ይፈተሽ። ደህና ከሆነ በስታንዳርድ ብሮንዝ ይመለስ። በብሮንዙና በክራንኩ መካከል ያለው የዘይት ክፍተት ከ0.04 እስከ 0.08 ሚሊሜትር አካባቢ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ በእጅ እያወዛወዙ «ጥሩ ነው» የሚባል አይደለም። ለዚህ የሚሆን ፕላስቲጌጅ የምትባል ቀጭን ክር አለች፤ ተጨፍልቃ ስፋቷ ክፍተቱን ይነግርሃል። ርካሽ ናት። የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) ቡሎኖቹንም አዲስ አድርጋቸው።

ቴስታታው በቀጥ ማስመሪያና በስፔሰር (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ይታይ፤ በግፊትም ይፈተሽ። በአቀበት የሚሞቅ መኪና ቴስታታው በቫልቮቹ መካከል የመሰንጠቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። አጣምሟል ተብሎ ዝም ብሎ እንዳይፋቅ። ቴስታታው በተፋቀ ቁጥር ቫልቩ ወደ ፒስተኑ፣ የኖዝሉ ጫፍም ወደ ውስጥ ይቀርባል። ናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ያ ርቀት መጀመሪያውኑም ትንሽ ነው። የጓርኒሲዮኑን ምርጫም ለሱቁ አትተው። ፒስተኖቹ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚሉ ይለካና በዚያ ልክ ነው ከተለያየ ውፍረት የሚመረጠው። ሳጥኑ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ያለው ምልክት ነው ውፍረቱን የሚናገረው። የሳሳ ካስገባህ ፒስተን ይነካል። የወፈረ ካስገባህ ኮምፕሬሽን ወርዶ ጠዋት ያው ያስቸግርሃል። ሲጨርሱ የቫልቭ ክፍተቱ በቀዝቃዛው 0.40 ሚሊሜትር ይሁን፤ የአየሩም የጭሱም።

የዱባዩን ሞተር አልጠላውም። ብሎክህ ከተሰነጠቀ ወይም ክራንክህም ቴስታታህም አንድ ላይ ከሄዱ ከዕድሳቱ ሊረክስ ይችላል። ግን የምትገዛው ታሪኩን የማታውቀውን ሞተር ነው። በውጭ ቀለም ተቀብቶ ያማረ ሞተር ምንም አይነግርህም። ሻጩ ኮምፕሬሽን አላስለካም፣ የዘይት ኮፓውን (የታችኛውን የዘይት ገንዳ) አላስከፍትም ካለ ተወው። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬህ ላይ መኖሩንም አትርሳ። የግዢ ሰነድ ከሌለው ቁጥሩን ለማስለወጥ ስትሄድ፣ በኋላም መኪናውን ስትሸጥ ጣጣው ያንተ ነው።

ቱርቦው። ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ፖምፓው ለባሕር ጠለል አየር የተስተካከለ ከሆነ ሙሉውን ናፍጣ ይረጫል፤ አየሩ ግን ሦስት አራተኛ ነው። የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ የጭሱን ሙቀት ይጨምራል፣ ዘይቱን ያጠቁራል። ስለዚህ 0.25 ባር ብቻ የሚገፋ ቱርቦ አዲስ አበባ ላይ የሚያደርገው ነገር ሞተሩን ወደ ባሕር ጠለል አየሩ መመለስ ነው። ናፍጣ ሳትጨምር ጭሱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ይመለሳል። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ።

የማልስማማው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ነው። ቱርቦው ይገጠማል፣ ሹፌሩ ይጣፍጠዋል፣ በሳምንቱ ናፍጣ እንዲጨምር ፖምፓው ይከፈታል። አይሱዙ ራሱ ይህን ሞተር በቱርቦ ሲሠራ 4ኤችጂ1-ቲ ብሎ ለብቻው ነው ያወጣው። ለቱርቦ የሚሠራ ሞተር ብዙውን ጊዜ ፒስተኑ፣ የፒስተኑ ማቀዝቀዣና የዘይት ማቀዝቀዣው አብረው ይታሰባሉ። ቱርቦ ከፈለግህ ኪቱን ከመግዛትህ በፊት ወስን፤ ብሎክህ የቱርቦውን ፒስተንና የዘይት ርጭት መቀበሉን አስለካ። የጭስ ሙቀት ጌጅ ሳይገጠም ቱርቦ እንዳይገጠም። ከቱርቦው በፊት አቀበት ላይ ከ650 ዲግሪ እንዳያልፍ አድርገህ ፖምፓውን አስተካክል። 700 ላይ ቆይቶ የሚወጣ ሞተር ፒስተኑን አደጋ ላይ እየጣለ ነው። አራት ቶን ነው ብለው የሚጭኑህ ደግሞ አራት ቶን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ አንተን ብሆን ግን የቱርቦውን ገንዘብ መጀመሪያ ማቀዝቀዣው ላይ አፈሰው ነበር። ጊቤ ላይ የሚሞቅ ሞተር ዛሬ ለምን እንደሚሞቅ ሳታውቅ ተጨማሪ ሙቀት አትስጠው። ራዲያተሩ ተከፍቶ ቱቦዎቹ ይታዩ። የቧንቧ ውኃ ለዓመታት የተሞላበት ራዲያተር በነጭ ዝቃጭ ግማሹ ተደፍኖ ታገኘዋለህ። የማራገቢያው ክላች ሞቆ እያለ ይጨብጥ እንደሆነ ይፈተሽ። ቴርሞስታቱ አለ ወይ? እኛ አገር ሞተር ሲሞቅ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሜዳ ላይ ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ሊነሩን በፍጥነት ይበላል። በብዙ ናፍጣ ሞተሮች ላይም ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ መንገድ ክፍት ይቀራል። ከውኃው ከፊሉ ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል፤ አቀበት ላይ ጭራሽ ይብሳል። አዲስ ቴርሞስታት፣ ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር፣ ውኃ የሚለይ የናፍጣ ፊልትር፣ አቧራ የማያስገባ የአየር ፊልትር ቤት፣ የሚሠራ የዘይት ግፊት ጌጅ። «ማሻሻል» ካልከኝ የኔ ዝርዝር ይሄ ነው። ቱርቦ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ ናፍጣውን ዘግታችሁ በሞተሪኖ አዙሩት፤ የዘይት ግፊት ጌጁ እስኪነሳ። ከዚያ ይነሳ። ሚኒሞ ላይ ለሰዓታት አስነስቶ «ማለማመድ» የሚባለውን ልማድ ተው። ፋሻ ከሊነር ጋር የሚላመደው ግፊት ሲኖር ነው፤ ሚኒሞ ላይ ሊነሩ መስታወት ሆኖ ይቀራል፣ ዘይት መብላቱም አይቆምም። ከሞቀ በኋላ ግማሽ ጭነት ጫንና ውጣ። ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ አድርግ፣ በከባድ ማርሽ አታንቀው፣ ረጅም አቀበት ላይ አታስጨንቀው። ተራ 15ደብሊው–40 የናፍጣ ሞተር ዘይት ይበቃል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በፊት ከነፊልትሩ ቀይረው፤ ያንንም ፊልትር ክፈተውና እየው። በዚያው ቀን ቫልቩን እንደገና አስለካ።

የመጨረሻው ጥያቄህ ወቅቱ እስኪያልፍ ልሥራ ነው። ፊልትሩ ውስጥ መዳብ ከሌለ፣ ዘይትና ውኃ ካልተቀላቀለ፣ ሞቆ ሚኒሞ ላይ የዘይት መብራቱ የማይበራ ከሆነ፣ ሥራ። ዘይት የሚበላ ሞተር ዘይት እየተጨመረለት ወራት ይሠራል። ጠዋትና ማታ ዘይቱን ለካ፤ የአየር ጎማውን ዛሬውኑ አስተካክል፤ ጭነቱን ቀንስ፤ ጊቤን በሌሊት ወይም በማለዳ ውጣ። የዘይት መብራቱ ሞቆ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ግን ያን ቀን አቁመው፤ ጭነቱን ለሌላ መኪና አዛውር። ያን ጊዜ ብሮንዙ ነው የሚለምንህ፤ አንድ ጉዞ ከጨመርክበት ክራንኩን፣ ቢየላውንና አንዳንዴም ብሎኩን ይዞ ይሄዳል። ያኔ የዱባይ ሞተር ከመግዛት ውጪ ምርጫ አይኖርህም።

የአራቱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ የለካህበትን ከተማና ፊልትሩ ውስጥ ያገኘኸውን ጻፍልኝ። ፎቶ ካለ ይበልጥ ጥሩ።